ጥፋተኛ ሳይፈልጉ ማድመጥ
ስለ ቤተሰብ አማካሪ ሥራ በሰቆጣ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



በዚህ ከተማ ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው መልሴን ከሰማ በኋላ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። «ታዲያ ሽማግሌ ነሽ ወይስ ሐኪም?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዋግ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ይገባል። ሰው ልቡ ሲከብደው የንስሐ አባቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ሲብስበት ጠበል ይጠመቃል፤ ሰውነቱ ሲደክም ሆስፒታል ይታያል። የቤተሰብ አማካሪ ወይም ቴራፒስት የሚባለው ሰው በእነዚህ መካከል የት እንደሚቆም ካልታወቀ ማንም ገመናውን ይዞ ወደ እርሱ አይሄድም። ዛሬ ስለዚህ ሰው ልነግራችሁ መጥቻለሁ፤ ከየት እንደመጣ፣ ከየትኛው ቁስል እንደተነሣ፣ የመጣበትንም ቤተሰብ እንዴት እንደሚቀበል።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ርኅራኄ ሲባል ብዙዎቻችን ከተበደለው ጎን ቆሞ አብሮ ማልቀስ ይመስለናል። በዚህ ሥራ ርኅራኄ ከዚያ የከበደ ነገር ነው፤ ከቤቱ ሰዎች አንዱንም ጥፋተኛ ለማድረግ ሳይቸኩሉ የሁሉንም መስማት ነው። በጠባይ ደግ መሆን ብቻውን እዚህ አያደርስም። ይሠለጠኑበታል፤ ሥልጠናውም ከራስ ቤት ይጀምራል።

አንድ ቤተሰብ ላሳያችሁ። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ ከአንድ በላይ ቤት ያየሁትንም አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአበርገሌ በኩል ተፈናቅለው ሰቆጣ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ አባት፣ እናት፣ የ13 ዓመት ልጃገረድና ሁለት ትንንሽ ወንዶች። ያመጡልኝ ልጅቷን ነው። «ልጄ ተለወጠችብኝ» አለች እናት። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ትፈዛለች፤ ምግብ ቀንሳለች፤ ሌሊት ትባንናለች። ጠበል ወስደዋታል። ጤና ጣቢያም ታይታ ምንም አልተገኘባትም። እናትን ከሁሉ በላይ ያስደነገጣት ግን ሌላ ነበር። የልጃገረዶች በዓል የሆነው ሻደይ ሲገባ የሰፈሩ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ለምለሙን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ሲወጡ ልጅቷ ከቤት አልወጣችም። ቀሚሷ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጓደኞቿ ደጅ ድረስ መጥተው ጠርተዋት ነበር። ዋግ ያደገች ልጅ ዓመቱን ሙሉ ነሐሴን ስትጠብቅ እንደምትኖር እዚህ ላለ ሰው መናገር አያስፈልገኝም።

ገብተው ሲቀመጡ አቀማመጣቸውን አየሁ። አባት ከአግዳሚ ወንበሩ በአንደኛው ጫፍ ሆነ፤ እናት በሌላኛው። ልጅቷ ማንም ሳያዝዛት መካከላቸው ገባች። አባትን ስለ ኑሯቸው ስጠይቀው ወደ ልጁ ዞሮ «ንገሪያት እንጂ» ይላል። እናትን ስጠይቃት «እርሷ ታውቀዋለች» ትላለች። ቀስ በቀስ እንደገባኝ ባልና ሚስት በቀጥታ አይነጋገሩም። ዘይት ማለቁ፣ የኪራይ ቀን መድረሱ፣ የእርዳታ ስንዴ መከፋፈሉ የሚነገረው በልጅቷ አፍ ነው። «እናትሽን እንዲህ በያት»፣ «አባትሽን እንዲህ በዪው።» ጠብ የለም፤ ጩኸት የለም፤ ጎረቤት ጨዋ ቤት ይላቸዋል።

ከተላመድን በኋላ አንድ ቀን ልጅቷን ከመካከላቸው አንሥቼ እኔ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኋት። «ዛሬ መልእክት አታደርሺም፤ እረፍት ነሽ» አልኋት። ከዚያም አባትን «ለልጅዎ የሚነግሯትን ለባለቤትዎ ይንገሯቸው» አልሁት። ብዙ ቆየ። ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። እናት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። በመጨረሻ የተናገረው ስለ ሸሹበት ሌሊት ነበር። ትልቁ ልጃቸው ፍየሎቹን ሊመልስ ወደ ኋላ ቀርቶ አልተመለሰም፤ ሞቱም አልተሰማ፤ ሕይወቱም አልተሰማ። አባት «ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ይከስሳል። እናት «እያየሁት አልከለከልሁትም» ብላ ራሷን ትከስሳለች። እያንዳንዳቸው ደግሞ ሌላው በልቡ እኔን ነው የሚከስሰኝ ብለው ያምናሉ። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ኖረዋል። ሆድ ግን አልፈጀውም። ለየብቻቸው ለልጅቷ ነግረዋት ነበር፤ አባቷ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ብሎ፣ እናቷም «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ብላ። የ13 ዓመት ልጅ የሁለት ሰው ኀዘን ተሸክማ ሻደይ መውጣት አትችልም።

እነሆ የቤተሰብ ቴራፒ ዋናው ነገር። ታማለች ተብላ የመጣችው ልጅ የቤቱን ሸክም የያዘችው ልጅ ነበረች። ለብቻዋ ይዣት በር ዘግቼ ብመክራት ኖሮ ለደግነቴ አመስግናኝ ወደዚያው መካከል ትመለስ ነበር።

ይህን አሠራር እኔ አላመጣሁትም። ቀድሞ በአውሮፓና በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሰዎች በሽተኛውን ለብቻው ነበር የሚያነጋግሩት፤ ዘመድ ከደጅ ይጠብቃል። በ1951 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ቨርጂኒያ ሳቲር የምትባል የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ አንዲት ወጣት ታክም ነበር። ልጅቷ እየተሻላት ሳለ እናትዮዋ እከስሻለሁ ብላ ዛተች። ሳቲር ከዛቻው በታች ልመና ስለሰማች እናትዮዋን ራሷን ጠራቻት። እናት ገብታ ስትቀመጥ ያ ሁሉ መሻሻል በአንድ ጊዜ ጠፍቶ ልጅቷ ወደ መጀመሪያ ሁኔታዋ ተመለሰች። ሳቲር በዚህ አልደነገጠችም፤ ከሁለቱም ጋር ሠራች። ሲረጋጉ ደግሞ አባትየውን አስመጣች። ከዚያን ጊዜ ወዲያ ቤተሰብን አንድ ላይ አስቀምጦ ማከምን የሕይወቷ ሥራ አደረገችው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፏም ለብዙ አገር ባለሙያዎች መማሪያ ሆነ።

ይህች ሴት ከየት መጣች? ያደገችው ዊስኮንሲን በሚባለው ክፍለ ግዛት ገጠር ውስጥ ከገበሬ ቤት ነው። በ5 ዓመቷ ትርፍ አንጀት ያዛት። እናቷ በሃይማኖቷ ምክንያት ወደ ሐኪም አትወሰድም አለች፤ አባቷ አሻፈረኝ ብሎ እስኪወስዳት ድረስ ሕመሙ ጸንቶ ነበር፤ ከሞት አፋፍ ተመልሳ ለወራት ሆስፒታል ተኛች። ሳድግ የወላጆችን ነገር ለልጆች የምመረምር ሰው እሆናለሁ ብላ የወሰነችው በዚያው በ5 ዓመቷ እንደነበር ከጊዜ በኋላ ተናግራለች። የሚወድዱህ ሰዎች እየወደዱህ ሊጎዱህ እንደሚችሉ በአልጋ ላይ ሆና ያየች ሕፃን፣ አድጋ እናትን ጠላት አድርጋ ለመፈረጅ አልቸኮለችም። ያቺ የዛተች እናት ስትመጣባት ከቁጣው በታች ያለውን መስማት የቻለችው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ለእኛ ለዋግ ሰዎች ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበን የፖሊን ቦስ ሥራ ነው። እርሷም የዊስኮንሲን ልጅ ናት። አባቷ ከስዊዘርላንድ የተሰደደ ሰው ነበርና አገሩንና ቤተሰቡን እየናፈቀ ሲተክዝ እያየች አደገች። አባቷ እቤት ቁጭ ብሎ ሳለ ልቡ ግን ከባሕር ማዶ ነበር። ባለሙያ ስትሆን በቬትናም ጦርነት የደረሱበት የጠፋ አብራሪዎችን ሚስቶች አጠናች። እነዚህ ሴቶች መበለት አይደሉም፤ ባለትዳርም አይደሉም። ከል አይለብሱ ነገር አልተረዱ፤ ተስፋ አያደርጉ ነገር ዓመታት አልፈዋል። ቦስ እንዲህ ያለውን ኀዘን ከሌላው ኀዘን ለይታ አስቀመጠችው። በዚህ ኀዘን የተያዘ ሰው ደካማ ወይም በሽተኛ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት፣ በሽተኛው ነገር ሁኔታው ራሱ እንደሆነ አስተማረች። የምትመክረውም እንዲህ ነው፤ ሰውየውን ቁርጥህን እወቅ ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ሞቶ ይሆናል፣ ይመጣም ይሆናል፣ ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዞ መኖር እንዲችል እርዱት። በ2001 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሕንፃዎቹ ተደርምሰው ሬሳቸው ያልተገኘ ብዙ ሰዎች ሲጠፉ ቤተሰቦቻቸውን እንድትረዳ የተጠራችው ይህችው ሴት ናት።

ቦስን ሳነብ ያየሁት የአያቴን ቤት ነው። ትልልቆቻችሁ የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ታስታውሳላችሁ። ዋግ ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር አንድ አውራጃ ነበር፤ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ይጎርፋል። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 የሚያህል ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ሌሎችም ቦታዎች ለሠፈራ ተወሰደ። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ ከተወሰዱት አንዱ ነው። አያቴ ለዓመታት ወሬውን አልሰማችም። ቄሱ ጸሎት ሊያደርሱ የሙታንን ስም ሲጠይቋት የእርሱን ስም አትጠራም፤ የሕያዋንን ሲጠይቋትም አትጠራም። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ ረስታው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ልጇን ለማስቀመጥ ከሕያዋንም ከሙታንም የተለየ ቦታ አበጅታ እንደነበር ይገባኛል። ቦስ በመጽሐፍ የጻፈችውን አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ኖራዋለች።

ይህን የምነግራችሁ ለወግ አይደለም። የዚህ ሙያ ፈር ቀዳጅ ከነበሩት አንዱ አሜሪካዊው መሪ ቦወን፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሽተኞችን ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል አስተኝቶ ያጠና ሐኪም፣ አማካሪ የሌላውን ቤት ከመንካቱ በፊት የራሱን ቤት ጠንቅቆ ማወቅ አለበት ይል ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ የሌላ ሰው ጉዳይ ይናገራል ተብሎ ሲጠበቅ የራሱን ቤተሰብ ታሪክ ነው የተናገረው። እኔ ልጇ የጠፋባት እናት ስትገባ ልቤ ወደ እናትየዋ ያዘነብላል፤ አያቴን አያታለሁና። አባትየው የባሰ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ስላለ ግን ላልሰማው እችላለሁ። ይህን ዝንባሌዬን ስለማውቅ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሲገጥመኝ ስም ሳልጠቅስ ከሌላ ባለሙያ ጋር እመካከራለሁ። አማካሪው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ያለፈበት መከራ ሌላውን ለመረዳት በር ይከፍትለታል፤ ካልተጠነቀቀ ግን የሌላውን ቤት ትቶ የራሱን ሲያክም ይውላል።

ወደ ራሳችን ዘመን ልመለስ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ደረሰ፤ በ2014 ታኅሣሥ ሰቆጣ ወደ ቀድሞ አስተዳደሯ ስትመለስ የአበርገሌና የጻግብጂ ሰው ግን ገና ለረጅም ጊዜ በከተማዋ ዙሪያ በመጠለያና በኪራይ ቤት መቆየት ነበረበት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ተኩስ ሲቆም ደግሞ በቆላው ወገን ድርቁ መጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቤት ውስጥ ሥርዓት እንደነበረ ይቀጥላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በሬ፣ ፍየልና ቀፎ የነበረው አባወራ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የሚያዝዘው ሥራ የለውም፤ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ሚስቱ ለእርዳታ ትሰለፋለች፤ ቀን ሥራ ትሠራለች፤ ብሩን የምትይዘውም እርሷ ናት። እርሱ ተናቅሁ ይላል፤ እርሷ ደከመኝ ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሰክሮ መግባት የሚጀምረው፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ጠባዩ ተበላሸ ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ቤት ምን ምን እንዳጣ ነው።

ሽማግሌዎቻችን በዚህ ንግግር ቅር እንዲላቸው አልፈልግም። ሽምግልና ባይኖር ይህ አገር በደም መላሽ ያልቅ ነበር። ሕጋችንም ያከብረዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚመለከቱት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጥቶ፣ ባልና ሚስት በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እርቅ እንዲሞክሩ ማድረግን አልከለከለም፤ ፍርድ ቤቱ ነገሩን እንዲያስቡበትም ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ክልላችንም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ልዩነታችን በሌላ ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ማን እንዳጠፋ አጣርቶ፣ አስክሶ፣ አስታርቆ ይነሣል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከላይ ያልኋችሁ ባልና ሚስት ግን ሽማግሌ ቢቀመጥላቸው ምን ይዳኛቸዋል? አልተጣሉም። የሚካካሱት ነገር የለም። የሚያስፈልጋቸው ሰው ፍርድ የማይሰጥ፣ ዝምታቸው እስኪያልፍ አብሯቸው የሚቀመጥ ነው። እዚያ ላይ እኛ እንጠቅማለን። ልጃቸውን በጸሎት እንዴት እንደሚያስቡት ሲጨነቁ ደግሞ የምልካቸው ወደ ንስሐ አባታቸው ነው፤ ያ የእኔ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ከሽማግሌዎቻችን ጋር አልስማማም፤ በግልጽ እናገረዋለሁ። ሚስት ተደብድባ ስትመጣ «ለልጆችሽ ስትዪ ተመለሽ» ማለት ርኅራኄ አይባልም። ዱላ ባለበት ቤት እኔም ሁለቱን አንድ ላይ አላስቀምጥም፤ በእኔ ፊት የተናገረችውን ማታ ቤት ትከፍልበታለችና። ጥፋተኛ አልፈልግም ያልሁት እዚህ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ የእርሷና የልጆቿ ደኅንነት ይጠበቃል፤ ሐኪም፣ ፖሊስና የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያውቁታል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ልትዳር ስትልም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ባልየው ሊለወጥ ከፈለገ ለብቻው ይምጣ፤ እርሱንም በክብር እሰማዋለሁ።

አሁን ስለ እጥረቱ ላንሣ። አማኑኤል ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ቤት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። በዚያ ወቅት በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስቶች ወደ 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያሠለጥናሉ። ይሁንና ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዝቋላ ወይም ከሳህላ ገደል ወጥቶ ሰቆጣ መድረስ ራሱ ለታመመ ሰው ትልቅ ጉዞ ነው።

ስለ መንገድ ሳስብ የዚምባብዌው ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ትዝ ይለኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. ኤሪካ የምትባል ወጣት ታካሚው ራሷን አጠፋች። እናቷ ልጇን ለምን ወዲያው እንዳላመጣቻት የነገረችው ምክንያት ቀላል ነበር፤ ለአውቶቡስ 15 ዶላር አልነበራቸውም። ቺባንዳ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ወደ ሆስፒታሉ እስኪመጣ መጠበቅን ተወ። ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በምትባል ድኻ ሰፈር 14 አያቶችን መርጦ፣ ሰውን እንዴት እንደሚያደምጡና ችግሩን ራሱ እንዲፈታ እንዴት እንደሚረዱት አሠለጠናቸው። ከጤና ጣቢያው ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተተከለ፤ አያቶቹ እዚያ ተቀምጠው የመጣውን ይሰማሉ። ሥራው ተስፋፍቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአያቶቹ የተረዱት ሰዎች ድባቴ ከሌሎቹ ይልቅ መቀነሱን አሳየ። እኔ ይህን ስሰማ ያሰብሁት የሰቆጣን እናቶች ነው፤ በዕድር፣ በጽዋ ማኅበር፣ በለቅሶ ቤት ሰውን የሚያጽናኑትን። ልባቸው የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልጋቸው ምሥጢር አጠባበቅ፣ አጠያየቅ፣ መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚላክ የሚያስተምር ሥልጠናና ሲከብዳቸው የሚደግፋቸው ባለሙያ ነው። ይህ ቢደረግ ከማንኛውም ሕንፃ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሰቆጣ ስሟ በመላ አገሪቱ የሚጠራበት አንድ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2007 መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ሕፃኑ የሚያድገው ግን በምግብ ብቻ አይደለም። ቡታጅራ ላይ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከትሎ የተደረገ ጥናት፣ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ጭንቀት የጸናባቸው እናቶች ሕፃናት ይበልጥ በተቅማጥ እንደሚያዙ አሳይቷል። ያዘነች እናት ጡት ለማጥባትም፣ ውኃ ለማፍላትም አቅም ታጣለች። እንግዲህ እናትን ማነጋገር ሕፃኑን ማብላት እንደሆነ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቢይዙት እወዳለሁ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። በብዙ ቤቶቻችን አያቶች በኽምጣኛ ነው የሚያስቡት፤ የልጅ ልጆች በአማርኛ ያድጋሉ። ሰው የገበያውንና የቢሮውን በሁለተኛ ቋንቋው ሊጨርስ ይችላል፤ ለሞተ ልጁ የሚያለቅሰው ግን በመጀመሪያው ነው። አንድ አዛውንት በአማርኛ ሳነጋግራቸው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይዘጉታል፤ በኽምጣኛ «እንዴት ነዎት?» ስላቸው ትንፋሻቸው ይለወጣል። ዋግ የሚያስፈልጋት አማካሪ ከዚሁ የወጣ፣ ሁለቱንም የሚናገር ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ልጆቻችን ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ሥራ ሲደርሳችሁ ዕጣችን ጎደለ ብላችሁ አታልቅሱ፤ አገራችሁ የምትጠብቀው ይህንኑ ነው።

ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ ምን እንደሚገጥማችሁ ልንገራችሁ። ስም ይመዘገባል፤ የነገራችሁኝ ከክፍሉ አይወጣም። ከዚህ የሚለየው አንዱ ራሱን ወይም ሌላውን ሊያጠፋ ሲያስብ፣ ወይም ሕፃን ሲጎዳ ነው፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ምን አጠፋ ብዬ አይደለም፤ እቤት ማን ከማን ጋር ይበላል፣ ማታ በሩን የሚዘጋው ማን ነው፣ ሲከፋችሁ የምትነግሩት ለማን ነው ብዬ ነው። ማልቀስ ይቻላል፤ ዝም ማለትም ይቻላል። ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ እንቅልፍ ለብዙ ሌሊት ያጣ፣ ወይም መሞትን የሚያስብ ካለ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አብሬው እሄዳለሁ፤ መድኃኒት መውሰድም ጠበል መጠመቅን አይከለክልም። ያቺ ልጅ በአንድ ቀን አልዳነችም። አባቷና እናቷ ግን ስለ ዘይቱም ስለ ልጃቸውም ራሳቸው መነጋገር ጀምረዋል፤ እርሷም ትምህርቷን ይዛለች።

ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ተስማምታችሁ መምጣት አይጠበቅባችሁም። ባል አልመጣም ካለ ሚስት ትምጣ፤ ሁለቱም እንቢ ካሉ ልጅ አክስቱን ይዞ ይምጣ። ከመጣው እንጀምራለን።